ቀድሞ የሚከፍተው ቴርሞስታት

አቶ ኩማ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን መርፌ ሳያዩ እንደ ልማዳቸው ፍሬን ረገጥ አደረጉ። አዋሳን ቁልቁል ከሚያሳየው ዳገት ወገብ ላይ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሁልጊዜ ቆመው ለሚንተከተከው ራዲያተር ውሃ ያጠጣሉ።

«አያቁሙ፣ ጋሼ» አለች ከጎናቸው የተቀመጠችው መካኒክ ብርቅዬ፣ የውሃውን ጄሪካን በጉልበቶቿ መሀል እንደያዘች። ጠዋት መናኸሪያ ጀርባ ካለው ጋራዥ የተሰበሰቡት ሾፌሮች «ቴርሞስታቱን አውጥተሽ ጣይው፤ ሁላችንም ጥለናል» ሲሏት እምቢ ብላ ነበር። ቴርሞስታት ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ የራዲያተሩን ውሃ የሚያሳልፍ ክዳን ነው፤ ያለ እሱ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ቤንዚን ሲጠጣ ይውላል፤ ቤንዚን ደግሞ በኩፖን ነው። ሁለት ቴርሞስታቶች በክር አንጠልጥላ እሳት ላይ በተጣደ ድስት ውሃ ውስጥ ነከረች። ውሃው ሳይፈላ ቀድሞ አፉን የከፈተውን መርጣ ለአቶ ኩማ መኪና ስትገጥም፣ ሾፌሮቹ «ወጥ ልታበላን ነው» ብለው ሳቁባት።

አቶ ኩማ እግራቸውን ከፍሬኑ አነሱ። ዋርካው ወደ ኋላ ቀረ። መርፌው ከመሀል ትንሽ ከፍ አለ፤ ብርቅዬ ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ መርፌው ተመልሶ ረጋ፣ ዳገቱም አለቀ።

አናቱ ላይ ሽማግሌው መኪናውን አቆሙና ጄሪካኑን ተቀበሏት። አላመኑኝም ማለት ነው ብላ ቅር አላት። እሳቸው ግን ኮፈኑን አልፈው በእሷ በኩል ዞሩ።

«እጅሽን ዘርጊ» አሏት።

ታላቅ ታናሹን ሲያስታጥብ አይታ አታውቅም። ግራሶ የጠጡ እጆቿን እያፈረች ዘረጋች።

«ውሃው ለሞተሩ ይቀመጥ እንጂ፣ ጋሼ።»

«ሞተሩማ አልጠማውም» አሉና ጄሪካኑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንቆረቆሩላት።