የወረደው ቡድን ማሊያ

ቡድኑ ተሸንፎ ከሊጉ ቢወርድም ሴትዮዋ ቢጫ ማሊያውን አላወለቀችም። የአሸናፊው ቡድን ደጋፊዎች በስታዲየሙ በር ላይ ከበቧት።

«ማዘር፣ ሬሳ አቅፈው ወዴት ነው? ማሊያ ይቀይሩ እንጂ!»

«አልቀይርም!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «በመጀመሪያው ዙር በረኛችሁ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ጎሉ ባዶ ነበር። የኛ አጥቂ ኳሷን ወደ ውጭ ጠልዞ ሊያነሳው ሮጠ። ዛሬ የወረድነው በዚያች ባልገባች ጎል ነው። አሰልጣኙ ግን ያን ልጅ ግንባሩን ስሞ ‹ደግ አደረግክ› አለው። ታዲያ ከዚህ ቡድን ወዴት ልሂድ?»

«ደግነት ነጥብ አያመጣም፣ ማዘር!» ብለው ሳቁባት።

ወዲያው ያ በረኛ ከመልበሻ ክፍል ወጣ። ስሙን እየጠሩ ጨፈሩለት። እሱ ግን በመሃላቸው አልፎ የሴትዮዋን ቦርሳ ከእጇ ተቀበለ።

«እማዬ፣ እንሂድ» አላት።