ለአባቷ የላከችው ቪዲዮ

አሰልጣኝ ቀመሪያ ከልምምድ በፊት ተጫዋቾቿን ጀሞ ሜዳ ዳር ሰበሰበችና ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ያለፈው ጨዋታችን ቪዲዮ የቅዳሜ ተጋጣሚዎቻችን እጅ ገብቷል። የማዕዘን ምት አመታታችንን ሁሉ አይተውታል። ከቡድናችን ቴሌግራም ያወጣችው ማን ናት?»

ተከላካይዋ ሌንሳ እጇን አነሳች። «እኔ ነኝ፣ ኮች። ግን የላክሁት ለአባቴ ብቻ ነው።»

ገበሬው አባቷ፣ ኳስ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን መጥቶ አላያትም። ከልምምድ ስትመለስ እንኳ የት ዋልሽ አይላትም። ቪዲዮውን ከላከችለትም አራት ቀን አልፎ ነበር፤ እሱ ግን ትንፍሽ አላለም። ጭራሽ እንዳላየው ደምድማ ትታዋለች።

«አባትሽ ለማን እንደላኩት ታውቂያለሽ?» ቀመሪያ ስልኩን አቀበለቻት። ቪዲዮውን አባቷ ለዕድራቸው ቴሌግራም ልኮት ኖሯል፤ ለተጋጣሚዎቹ ያሻገረው ከዕድርተኞቹ አንዱ ነው። ከቪዲዮው ሥር አባቷ «ልጄ ናት። ቁጥር አራቷን እዩልኝ» ብሎ ጽፏል።

ሌንሳ ደግማ ደጋግማ አነበበችው።

«ቅዳሜ አትሰለፊም» አለቻት ቀመሪያ። «ሕጋችንን ታውቂዋለሽ።»

«እሺ፣ ኮች።» ሌንሳ ስልኩን ልትመልስ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «ግን ማልያዬን ለብሼ ተቀያሪ ወንበር ላይ ልቀመጥ? አባቴ ይመጣ ይሆናል።»