የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ድምፅ

«ድምፁ ግድግዳ አልፎ ይሰማል?» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ።

«በጣም! ማለቴ፣ ጎረቤትሽ ኮምፕሌይን ያደርጋል» አለ የስፒከር ሻጩ ዮኒ፣ እዚሁ ዳላስ ተወልዶ ያደገ ልጅ።

«ጎረቤትዎ በል!» አለ ሊገዛላቸው አብሮ የመጣው ገብረመድኅን ዓይኑን አፍጥጦ። «እናትህ ይሆናሉ።»

«ሶሪ። ጎረቤትዎ።»

«ተወው፣ የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ። «ጎረቤትም ይስማ።»

ገብረመድኅን ከት ብሎ ሳቀ። ዛሬ እሳቸው የሚሉት ሁሉ ያስቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ለቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ ተወዳድሮ በተፎካካሪው በሀይሌ ተሸነፈ። በአንድ ድምፅ ልዩነት። ኤርፖርቱ ካርጎ ውስጥ ሳጥን ሲያነሳም ሲያወርድም ዓመቱን ሙሉ ያቺ አንዷ ድምፅ ስታቃጥለው ከረመች። ዘንድሮ ታዲያ የአባላቱን መዝገብ አስወጥቶ ያኔ ድምፅ ያልሰጡትን አንድ በአንድ ለቀመ። ከፊሎቹ ሂዩስተን ገብተዋል። አንዱ ሞቷል። የቀሩት ኤርፖርቱ አጠገብ ዩለስ ከተማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ምርጫው እሁድ ነው፤ ዛሬ ዓርብ።

ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «ይምረጡኝ» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄደና «ቤትዎ ምን ይጎድላል?» አላቸው።

«ድምፅ» አሉት፣ ሳያቅማሙ።

ገብረመድኅን ይህን እንደ ምልክት ወሰደው።

ዮኒ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ይመራቸዋል። «ይኼ ሳውንድ ባር ነው። ለቲቪ፣ ለንግግር አሪፍ ነው። ክፍሉ ሰው ከሞላው ግን ድምፁ ይጠፋል።»

«ሰው ሲሞላስ የቱ ይሻላል?»

«ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ከሥር ሰብውፈር። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ደረት ይመታል።»

«ደረት መምታቱ ጥሩ ነው።»

«ግን ዋት ስለበዛ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ከቤቱ ጋር መሄድ አለበት። ሳሎንሽ… ሳሎንዎ ስንት ካሬ ነው?»

«እሱን አላውቅም። ተጠጋግተው ከተቀመጡ ሃያ ሰው ይይዛል።»

ዮኒ በጣቱ ቁጥር ቁጥር አደረገ። «ኦኬ፣ ይኼ ይበቃል።»

«ማይክ ይሰካበታል?»

«ሁለት። ድምፁን ከሚያቀላቅለው ሚክሰር ጋር ከወሰዳችሁ አራት።»

«አራቱን ይሁን» አሉ።

ገብረመድኅን የዋጋውን ወረቀት አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የልጅ ልጆች እንዳሏቸው ትዝ አለው። ለካራኦኬ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና።

ዮኒ ዕቃውን እስኪያወጣ ከሱቁ ጥግ ካለው ማሽን ቡና ቀዳላቸው። ገብረመድኅን ጥቁር ያዘ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በዓርብ ቀን ወተት ጨመሩበት፣ ደግመውም ጨመሩበት። ሐኪም አዞላቸው ይሆናል፤ ዕድሜም አለ።

ዩለስ ደርሶ መኪናውን ፓርክ አደረገና ካርቶኖቹን እያለከለከ ሁለተኛ ፎቅ አወጣ። በሩን ገፋ አድርጎ እንደገባ ባለበት ቆመ። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ ሁለት አዳዲስ ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል።

«ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ሀይሌ ነው፣ ይባረክና። ትናንት ብቅ ብሎ ቤትዎ ምን ይጎድላል አለኝ። መቀመጫ አልኩት።»

ገብረመድኅን ሰብውፈሩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። አሮጊቷ ከሁለቱም እጅ እየበሉ ነው ማለት ነው። የማን ጉርሻ እንደሚጣፍጣቸው ብቻ ነው የቀረው።

«እና ለእርስዎ» አለ ሽቦውን እየፈታ፣ ድምፁን ቀለል ለማድረግ እየታገለ፣ «ወንበሩ ነው የሚበልጥብዎት፣ ድምፁ?»

«ድምፅ የሌለው ወንበር ምን ይሠራል፣ ልጄ?»

እፎይ! ይህችን የመሰለች ቅኔ ከሰማ ቆይቷል። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሽቦ ሰካ፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቀ፣ ሚክሰሩን ጠረጴዛ ላይ አመቻቸ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ማይኩን ይዘው «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። በላያቸው አልፎ ለማረፍ የሚያዘቀዝቀው አውሮፕላን እንኳ አልተሰማም።

«ተባረክ፣ ገብሬ። እንዲህ ያለ ድምፅ ነበር የሚያስፈልገኝ።»

«እኔንም እኮ ያስፈልገኛል» አለ ሳቅ ብሎ።

እሳቸውም ሳቁ።

«ሶ… እሁድ ጠዋት መጥቼ ልውሰድዎት?»

«አትድከም። በቫን ይመጡልኛል።»

«እነማን?»

«ልጆቹ ናቸዋ።»

ሀይሌ ቫን አለው። ሀይሌ አራት ልጆች አሉት። የገብረመድኅን ጆሮ ጭው አለ። አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቃት ድምፅ በሀይሌ ቫን ተጭና ስትሄድ ታየችው። ነውሩንም ይሉኝታውንም ረሳ።

«እማማ፣ ይንገሩኝ በቃ! ለሀይሌ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ምኑ?» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ከልባቸው ግራ ተጋብተው።

በሩ ተንኳኳ። ጊታር ያዘለች ወጣት ገባች፤ ከኋላዋ ደረጃው በሰው ተሞልቷል።

«እማማ፣ ጌታ ይባርክዎት! የጸሎት ፕሮግራሙ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ቤት ነው አሉን፤ ድምፅ ማጉያ ከየት እናምጣ?»

«ሃሌ ሉያ፣ ግቡ! ጌታ ድምፅ ሰጠን» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፤ ገብረመድኅንን ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ደረጃው ሸኙትና በሩን ዘጉት።