ንቅሳቱ ቢለቅስ

«የድዴ ንቅሳት ከጥርሴ ቆሻሻ ጋር አብሮ ቢጠረግስ?» ወይዘሮ አስካለ መልሱን ሳያገኙ የጥርስ ሐኪሟ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀዝቃዛ ነገር ጥርሳቸውን እየጠዘጠዘ ስላስቸገራቸው፣ ለምና ያመጣቻቸው የልጅ ልጃቸው ማኅደር ናት። ባላቸው አቶ ደምሰው ግን፣ «እኔ ቢረግፍም ጥርሴን ብረት አላስነካም። አንቺስ በዚህ ዕድሜሽ ለማን ልታጌጪ ነው?» ብለው ስቀውባቸዋል።

ሐኪሟ የጠጠረውን ቆሻሻ ጠርጋ፣ በሚሽከረከር ብሩሽ ወልውላ ሸኘቻቸው። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ቤት ገቡና የፍሪጅ ውሃ ግጥም አድርገው ጠጡ። ምንም አልተሰማቸውም። ደገሙ። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ንቅሳቱም ከነጡት ጥርሶቻቸው በላይ እንደ ሙሽርነታቸው ጊዜ ጠቁሮ ታየ።

«እማዬ፣ ቁንጅናውን ለእኛም አስተርፊልን እንጂ» አለች ማኅደር።

አቶ ደምሰው ሚስታቸውን ፈዘው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሁልጊዜ አቀዝቅዘው በአንድ ጎን የሚጠጡትን ሻይ አስቀመጡና፣ የክሊኒኩን ካርድ ከማኅደር እጅ ወስደው ወጡ።