ጠርዙ የተነከሰው አንቀልባ

«ፍቺው! አሁኑኑ ፍቺው አልኩሽ!»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሐኪም ከሚባለው ተራራ ሥር በእግራቸው መጥተው ገና ላባቸውን እንኳ አልጠረጉም...

ሐረር፣ ፈላና በር፣ 1906 ዓ.ም.።

ምራታቸው ለተማርያም የአንቀልባዋን ማሰሪያ ጨበጥ አደረገች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጀርባዋ ላይ የተኛችው የመጀመሪያ ልጇ ነገ ሰማንያ ቀን ይሞላትና ክርስትና ትነሣለች።

ይቺ ሕፃን እኮ ከተወለደች ጀምሮ ቤቱን እሪታ በእሪታ ያደረገች ናት። ሆዷን ያማት ይሁን፣ ምን ይሁን፣ ያወቀ የለም። ሲያስተኟት ታለቅሳለች፣ ሲያቅፏት ታለቅሳለች...

ባሏ እንደሻው ለሥራ ድሬዳዋ ወርዷል። እናቷ ያሉት ቡልጋ ነው። ለተማርያም ብቻዋን፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ቆማ እያንቀላፋች...

አንድ ቀንማ ልጅቷ ከእጇ አምልጣ ልትወድቅባት ለጥቂት ነው የተረፈችው!

ከሦስት ቀን በፊት ጎረቤቷ መስቱራ በሩን አንኳኳች። አንድ ያረጀ አንቀልባ ይዛለች።

«እናቴ ናት የላከችው። ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ጀርባ ነው የምትፈልገው። ዙሪ ላሳዝልሽ!» አለቻት።

ሕፃኗ ታዘለች። ትንሽ ተነጫነጨች... ከዚያ ጭጭ።

ለተማርያም የዚያን ዕለት በሁለት እጇ ምሳ በላች። በሁለት እጅ! የወለደች ታውቀዋለች።

እና አሁን አማቷ መጥተው ፍቺው ይላሉ።

«ከየት አመጣሽው?»

«መስቱራ ናት... እናቷ ናቸው የ...»

«የእስላም ፍየል ቆዳ? ነገ ክርስትና የምትነሣ ልጅ በዚህ ትታዘል? ሰው ምን ይለኛል!»

አላስጨረሷትም። ራሳቸው ፈቱት። ሕፃኗ ብንን ብላ ጩኸቷን አቀለጠችው።

«እትዬ፣ በእመቤቴ ይተዉልኝ... እጄ ዝሏል፣ ልጄን እንዳልጥላት እየፈራሁ ነው...» ለተማርያም አለቀሰች።

ወይ ፍንክች! አንቀልባውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወጡ።

ቆይ፣ አትፍረዱባቸው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ ፈላና በርን አይወዱም። ልጃቸው እዚያ ቤት የተከራየ ጊዜ ወር ሙሉ አኩርፈውታል። ምራታቸው ስትወልድም ሁለት ቀን አድረው፣ ጎረቤቱን ቀና ብለው ሳያዩ ነው የተመለሱት። ለምን ሲባሉ አይናገሩም...

የመስቱራን በር መቱት። ዓይናቸው የደከመ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

«እንኩ ዕቃችሁን። እኛ ክርስቲያኖች ነን!»

ሴትዮዋ አንቀልባውን ተቀበሉ። ከዚያ... ሳቁ።

«ወለተሥላሴ... ድምፅሽ አልተለወጠም እኮ። ቁጣሽም!»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ዐዚዛ ነኛ! የዕቃው ባለቤት ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጠጋ ብለው የሴትዮዋን ፊት አዩ።

«በክፉው ቀን... እዚህ ሰፈር ጎረቤታሞች ሳለን... ልጅሽን የቀበርሽ ሰሞን... ‹ከዓይኔ አርቂልኝ› ብለሽ እጄ ላይ ጥለሽው ሄድሽ። እኔ መስቱራን እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ ባልሽ ወደ ጨርጨር ታዘዘ፣ አንቺም በዚያው ጠፋሽ።»

«...ዐዚዛ?»

«ባልሽ ያረደው ፍየል ቆዳ መሆኑን እያወቅሁ ስድስት ልጅ አዝዬበታለሁ። ዘመዶቼ ሲቆጡኝ ‹ልናዝልበት እንጂ ልንበላው ነው እንዴ!› አልኳቸው። አሁን ሕፃን ስታለቅስ በግድግዳው ሰማሁ። የማን ናት ብዬ ባስጠይቅ የልጅ ልጅሽ ናት አሉኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አደራሽን ሳልሞት መለስሁ።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ አንቀልባውን ቀስ ብለው ተቀበሉና ጠርዙን ወደ ፀሐይ አዞሩት።

ከላይ በኩል ትንሽ የተነከሰ ቦታ አለ። ሁለት ጥርስ።

ያቺ የቀበሯት ልጃቸው ጽጌሬዳ በታዘለች ቁጥር እሱን ነበር የምትነክሰው። ስትሞት ያበቀለችው ሁለት ጥርስ ብቻ ነው...

ሃያ አምስት ዓመት የታፈነው ለቅሶ እዚያ ደጃፍ ላይ ወጣ። ዐዚዛ አቅፈዋቸው «አይዞሽ እህቴ፣ አልቅሺ... አልቅሺ» ይሏቸዋል።

ወደ ምራታቸው ቤት ተመለሱ። የምትጮኸውን ሕፃን ተቀብለው በዚያው አንቀልባ አዘሏት። እሹሩሩ እያሉ ቤቱን ዞሩት።

ሕፃኗ ተኛች።

«በይ አንቺም ተኚ ልጄ» አሉ ለተማርያምን። ለተማርያም እስኪመሽ ድረስ ተኛች።

በማግስቱ ለክርስትናው ሁለት በግ ታረደ። አንዱን፣ ለእነ ዐዚዛ የሚሆነውን፣ የዐዚዛ ልጅ ዐብዱልመጂድ ባረከው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የድሮውን ሲያነሡ ሲጥሉ ዋሉ...

ያቺ እሪታዋ ግድግዳ የተሻገረ ሕፃን አያቴ ሰገነት ነበረች። ነፍሷን ይማረውና፣ ልጅ ሆኜ ያንን ጠርዝ በጣቴ እያስነካች ነው ይህን የነገረችኝ። እንዴት እንደናፈቀችኝ!

ሰሞኑን እህቴ ልትወልድ ነውና የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር ላከችልኝ። ጋሪ፣ ጡጦ፣ ራሱን በራሱ የሚወዘውዝ አልጋ... ይገዛ! እንቅልፍ ላጣች እናት ሁሉም ይጠቅማል።

እኔ ግን ከታች አንድ ጨመርኩበት፦ «የልጅ ለቅሶ በግድግዳ የምትሰማ ጎረቤት»።

ወዳጆቼ፣ ከሌላው ደጅ የመጣ ደግነት «ከማን ነው?» ተብሎ አይመለስ። አንዳንዴ የራሳችን ደግነት ነው ዞሮ የመጣልን...

እናንተስ? ከእናታችሁ ሌላ አዝላ ያሳደገቻችሁ ማን ናት? ስሟን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... በሕይወት ካለች ደግሞ መጀመሪያ ለእሷ ደውሉላት።