የእማዬ ስጋት

«አዳራሹን ልጨርሰው ነው፣ እማዬ» ትላለች ልጄ። እጇ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ። «ቀብዱን ዛሬ ካላስገባን ቀኑን ለሌላ ይሰጡብናል።»

የምግብ ጠረጴዛው ጋ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ባሌ የተኛበት ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ትንፋሹን እንድሰማ ብዬ እኔ ነኝ እንደዚያ የተውኩት።

የሠርጉን ወጪ በሙሉ ኤክሴል ላይ አስፍራዋለች። አንዱ ዓምድ የታሰበው፣ አንዱ የተከፈለው፣ አንዱ የሚከፈልበት ቀን ነው። ጥግ ላይ ደግሞ «የእማዬ ስጋት» የሚል አለ። በቀልድ ነው የጀመረችው። ዝናብ ቢመጣስ አልኳት፤ ጻፈችው። መብራት ቢጠፋስ። የሙሽራው መኪና ጎማው ቢፈነዳስ። ፎቶ አንሺው ቢታመምስ። ለአንዳንዱ ገንዘብም መድባለታለች። ኬኩ ከደረጃ ላይ ቢወድቅስ ባልኳት ጊዜ ግን «ይብላኝ ለሚወድቅበት ሰው» ብላ ነው የሞላችው። እጮኛዋ ይህን ባነበበ ቁጥር በሳቅ ይንከተከታል።

«ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» ትለኛለች። «አዳራሹ ቢቃጠልስ አትዪኝም?»

«ቆይ፣ አትክፈዪ።»

«ይኸው! መጣች!» ትስቃለች። «ንገሪኝ ልጻፈው። ጣሪያው ነው? ወይስ ባለቤቱ ሌባ ነው?»

ጠዋት የባሌን ውጤት ለመስማት ብቻዬን ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ «ልጅ ልትድሩ ነው አሉ» አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ነው አልኩት። «ማቅረብ ከቻላችሁ አቅርቡት» አለኝ። «በጣም አቅርቡት።» ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ። እኔም መድኃኒት ቤት ገባሁ፣ ተራዬን ጠበቅሁ፣ መልሴን ተቀበልኩ። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ቦርሳዬ ክፍት መሆኑን ነገረችኝ። አመሰገንኳት፤ ግን ሳልዘጋው ቤት ገባሁ።

ዕድሜ ልኬን ይህን ቀን ስፈራ ነው የኖርኩት። ባሌ ባመሸ ቁጥር በልቤ ቀብሬዋለሁ። አሁን የፈራሁት ሲመጣ ፍርሃቱ የለም። እጄን ጠረጴዛው ላይ አየዋለሁ፤ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል።

«ሐኪሙ ሠርጉን አቅርቡት ብሏል» እላታለሁ፣ በሹክሹክታ። «አባትሽ እንዲደርስበት።»

«እማዬ ደግሞ! ባለፈው እኔን ጉንፋን ሲይዘኝ ሳምባ ነው ብለሽ ልትቀብሪኝ አልነበር እንዴ? እሱ ያለው ምን ይሆናል፣ አንቺ የሰማሽው...»

ቀና ብላ ታየኛለች። ከኮምፒውተሩ ፊደሎች መሃል የገባ የዳቦ ፍርፋሪ በጥፍሬ እያወጣሁ ነው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይሄዳል።

«እማ፣ ለምንድን ነው የማታለቅሺው?»

«እንጃ።»

ገርበብ ያለውን በር ታየዋለች። ብዙ ታየዋለች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ትዞርና ከላይ የተጻፈውን የሠርግ ቀን ታጠፋዋለች። የሚቀጥለውን ሳምንት ቅዳሜ ትጽፋለች። የሚከፈልበት ቀን የሚለው ዓምድ ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠረ ራሱን ነው የሚሞላው፤ ጊዜው ያለፈውን ቀይ ያደርገዋል። ከላይ እስከ ታች አንዴ ቀይ ይሆናል።

«አዳራሹ ይቅር» ትላለች፤ ድምጿ የለም ማለት ይቻላል። «ግቢያችን ይበቃናል።» መስመሩን ትሰርዘዋለች። «ወንበር ግን ያስፈልጋል።»

በሁለት እጇ መጻፍ እንድትችል ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ወንበር አከራዩ ወዲያው ያነሳል።

«አቤት ሙሽሪት!»

«ጋሼ፣ ቀኑን አቅርበነዋል። ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ያደርሱልናል? እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው።»

«የሚቀጥለው ሳምንት? ምነው፣ ማን ያባርራችኋል?»

መልስ ፍለጋ እኔን ታየኛለች። ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማል፤ ባሌ ነቅቷል።

«ወይስ» ይላል ሰውየው፣ ሳቁ እየቀደመው፣ «ቬሎው ሳይጠብሽ ነው?»

ልጄ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ቤቱ እስኪሞላ ትስቃለች።

«ደረሱብኝ ጋሼ! ሳይጠበኝ ነው!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! በቃ፣ ማጓጓዣው በኔ ነው!»

ስልኩን ትዘጋለች። እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርግና ማጓጓዣ የሚለው መስመር ላይ ዜሮ ትጽፋለች።

«እናንተ!» ባሌ ነው፤ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። «የሰማሁት እውነት ነው?»

ልጄ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ ታነሳለች።

«አያት ልሆን ነው?»

ይስቃል። ሳል ያቋርጠዋል፤ ሳሉን ጨርሶ መልሶ ይስቃል። ልጄ እጄን ትይዘዋለች፤ መያዟን አያለሁ። ገብታ እንድትነግረው ወይም እንዳትነግረው በዓይኔም ምልክት አልሰጣትም።

ከታመመ ጀምሮ ሰው ሳይደግፈው ከአልጋው ወርዶ አያውቅም። አሁን እግሩ ወለሉ ላይ ነጠላ ጫማውን ሲፈልግ እሰማለሁ።