የአሥር ቁጥሩ መልቀቂያ

አሰልጣኝ ማስረሻ በቀይ እስክሪብቶ አራተኛውን ስም ሰረዘና ወረቀቱን ወደ ጸሐፊዋ ወደ ተሻለች ገፋ አደረገው። አሥር ቁጥሩን ሽኩርን የሞጆ ክለብ ሰዎች ይወስዱታል፣ በምትኩ አንድ በረኛና አንድ ተከላካይ ይሰጣሉ፤ በስልክ ተስማምተው ጨርሰዋል። የቀረው መልቀቂያው ብቻ ነው።

ተሻለች ማኅተሙን ከመሳቢያው አወጣች እንጂ ክዳኑን አልከፈተችም። በቆቃው የአስጋሪ እግር ኳስ ክለብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ብዙ መልቀቂያ መትታለች፤ ደህና ተጫዋች እዚህ ከተማ እንደማይከርም ታውቃለች። ነሐሴ ሲመጣ ትልልቆቹ ክለቦች የበሰለውን ለቅመው ይሄዳሉ፣ አስጋሪ በተረፈው ጥሬ አዲሱን ዓመት ይጀምራል። ክለቡ በገዛ እጁ አሥር ቁጥሩን አውጥቶ ሲሰጥ ግን ያየችው ዛሬ ነው። ካለፈው ዓመት ጎሎች ግማሹ የሽኩር ነበሩ። ያለ እሱ ቡድኑ ከሊጉ እንደሚወርድ ለማወቅ አሰልጣኝ መሆን አያስፈልግም።

ቡድን መሪው ጋሽ ወልደአማኑኤልም ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ገና ልጅ እኮ ነው ቢሉ፣ ማስረሻ ከኮምፒውተር የታተመውን ዝርዝር አሳያቸው፦ ሠላሳ ሦስት ዓመት። አሰልጣኙ ከአዳማ ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ተጫዋቾቹ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ሽኩርን በቪዲዮ እንጂ በአካል አያውቀውም። ደንቡም አጭር ነበር፤ ከሠላሳ በላይ የሆነ ሁሉ ይሰናበታል።

«ጋሼ፣ ዕድሜውን የሚቀንስ ተጫዋች ስንቱን አይቻለሁ» አለ። «በራሱ ላይ የሚጨምር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ራሳቸው በተጫዋችነት ዘመናቸው አራት ዓመት ሙሉ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። ሞጆዎች አንዲት ቃል ሳይከራከሩ መስማማታቸው ብቻ ትንሽ ከነከናቸው።

ሽኩር ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። በክለቡ ልማድ ተሰናባች ማሊያውን አጥቦና ተኩሶ ሳያስረክብ መልቀቂያው አይመታም። ትናንት በስልክ ቢነገረው ዛሬ ማልዶ መጣ። ተጣጥፎ ጭኑ ላይ የተቀመጠው ሰማያዊ ማሊያ በመስኮቱ ይታያል። ከቡልቡላ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ተሻለችን አንድ ቀን አስቸግሯት አያውቅም። ሲያባርሩትም አጥቦ ይመጣል።

መልቀቂያው ላይ የትውልድ ዘመኑን ለመሙላት ፋይሉን ከፈተች። የቀበሌ መታወቂያው ቅጂ 1992 ይላል። የታተመው ዝርዝርም 1992 ይላል። ልክ ነው ብላ ልትጽፍ ስትል እጇ ቀጥ አለ።

የኮምፒውተሩ ቅጽ የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰኔ ላይ ሞልታ፣ አትማ፣ እያንዳንዱን ተጫዋች ያስፈረመችው ራሷ ናት። ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁለቱም አቆጣጠር ያለበትን አዲሱን መታወቂያ ነበር ያመጡላት፤ የሽኩር ብቻ የድሮው የቀበሌ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ። እንዳለ ገልብጣዋለች። 2000 መሆን ነበረበት። ልጁ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ስምንቱን ዓመት የጫነችበት እሷ ናት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ማስረሻ ፋይል አያገላብጥም፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። ብትናገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተነካ ስሟ ይነካል፤ ማስረሻ ደግሞ ኮምፒውተር የምትችል ወጣት ጸሐፊ እንደሚፈልግ ከመጣ ጀምሮ አልደበቀም። ፈራች። እንደገና በመስኮቱ አየችው። አይጥ በበላ ዳዋ መመታት የለበትም ብላ ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መለሰች።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለችና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠችላቸው።

ማስረሻ በጣቶቹ ቆጠረ፤ ከዚያ ፊቱ ቀላ። አልጮኸባትም፤ በሱ ጉዳይ ኋላ እንነጋገራለን ብቻ አላት። ስልኩን አንስቶ ለሞጆዎች ነገሩ እንደቀረ ሲነግራቸው፣ ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። ነቃችሁ እንዴ አሉት። ማስረሻ በሰረዘው ስም ላይ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ «ይቆያል» ብሎ ጻፈ። ሽኩር ገና የአንድ ዓመት ውል ስላለበት ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።

ጋሽ ወልደአማኑኤል እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያሉ ከወንበራቸው ተነሡ። «የምሥራቹን አንቺው ንገሪው» አሏት።

ተሻለች ወጣች። የራሷን ጉዳይ ለጊዜው ረስታዋለች፤ ደስ ብሏታል። ሽኩር ሲያያት ብድግ ብሎ ማሊያውን በሁለት እጁ ዘረጋላት። ከአግዳሚው ሥር አንድ ትልቅ ሻንጣ አለ፤ ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ አይታይም ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት ይጣራል።

«መልሰህ ያዘው፤ የትም አትሄድም» አለችው። «ዕድሜህን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን ተስተካክሏል።»

ሽኩር ማሊያውን ወደ ራሱ አልመለሰም። እጆቹ እንደተዘረጉ ቆዩ።

«ሰኔ ላይ ስፈርም አይቼው ነበር እኮ፣ እትዬ፤ ቢለቁኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ተሻለች ማሊያውን ተቀበለችው፤ ከመተኮሱ ብዛት እንደ ካርቶን ደርቋል። ረዳቱ ወደ ሻንጣው እያየ «ሞጆ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ» አለ። መኪናው ትንሽ ጠበቀና ሄደ።